ኮሪደሩ ባዶ ነው

ሰኞ ጠዋት ነጃት ለታናሽ እህቷ ለሂክማ ደወለችና ሳትሰድባት ስልኩን ዘጋች።

ሂክማ አንዱን ጫማ አድርጋ ሌላውን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ነጃት ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ በየጠዋቱ ደሴ እህቷ ዘንድ ትደውላለች። ሰላምታዋ የታወቀ ነው፦ "አንቺ እንከፍ፣ ዛሬም አልተነሳሽም?" ከዚያ ስለ አበላሏ፣ ስለ አለባበሷ፣ በየክረምቱ ስለምትጥለው ጃንጥላ ሳይቀር ታወርድባታለች። ዛሬ ግን "እንዴት አደርሽ የኔ ወለላ? እንቅልፍ ወሰደሽ? በይ ደርበሽ ልበሺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ" አለቻት። ከዚያ ዘጋች።

"ያ ረቢ!" አለች ሂክማ።

ነገሩ የመጣው ከኮሪደር ነው። ኮሪደር ሲባል አያቶቻችን የሚያወሩለት የኮሪደር ልማት መንገድ አይደለም፤ የሆስፒታሉ ነው። ድሮ ሐኪም ከባድ ነገር ያየ እንደሆነ ሕመምተኛውን "አይዞህ፣ ትንሽ ብርድ ነው" ይለውና ወጣ ብሎ "ቤተሰብ ማነው?" ብሎ ይጣራል። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ይነገረዋል። እንባውን ይጠርጋል፣ ፊቱን ያስተካክላል፣ ሙዝና ጭማቂውን ይዞ ፈገግ ብሎ ይገባል። በኋላ መዝገቡ ሁሉ ኤሌክትሮኒክ ሆነና ሰው የራሱን ገጽ በስልኩ ያነብ ጀመር። ኮሪደር የሚባል ነገር ጠፋ። ሰው ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ወፍጮ ቤት ተራ እየጠበቀ፣ የሞቱን ወሬ ብቻውን ያነባል። አገር ጮኸ። አዋቂዎች መከሩና በእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ውስጥ አንድ ገጽ ጨመሩ፤ ሐኪሙና የቅርብ ቤተሰብ የሚያነቡት፣ ባለቤቱ ግን የማያየው ገጽ። ስሙንም ኮሪደር አሉት።

የጤነኛ ሰው ኮሪደር ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ግን እሱ ራሱ ማየት አይችልም። ቢጠይቅ "ባዶ ነው" ይሉታል። ኮሪደሩ የሞላበትም ሰው ቢጠይቅ "ባዶ ነው" ይሉታል። ቢያስምላቸውም ይምሉለታል፤ ለርኅራኄ የተማለ መሐላ አይቆጠርም ብሎ ሰዉ ለራሱ ፈርዷል።

እና የደሴ ሰው አመሉ ተገለበጠ። ይኸ "የኔ ጌታ፣ የኔ ወለላ፣ አብሽር" ሳይል መንገድ እንኳ የማያሳይ የነበረ ሕዝብ ደግነትን እንደ ክፉ ወሬ ይፈራ ጀመር። ባል አበባ ይዞ ቢገባ ሚስት ቀልቧ ይገፈፋል። አማት ምራቷን "አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እሠራዋለሁ" ካለቻት፣ ምራት ልጆቿን ለማን አደራ እንደምትሰጥ ማሰብ ትጀምራለች። የሚሞት ሰው አይሰደብማ! ስለዚህ ሰው የሚወደውን መስደብ ለመደ። "አንተ ዝርክርክ" ተብሎ የወጣ ባል ቀኑን በሰላም ይውላል። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ የተጣላ ይመስላል፤ እናት ልጇን፣ ልጅ አባቱን በር ላይ ቆሞ ሞልጮ ሰድቦ ይሸኛል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ዓመት ሳይሞላው እሱም ይሳደባል።

ሂክማ ይኸን ሁሉ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ኮሪደሩን ከነደፉት አንዷ እሷ ናትና። የምትሠራው "አንድ መዝገብ" በሚባለው ፕላን ጽሕፈት ቤት ነው። እስካሁን ኮሪደር ያላቸው የትልልቆቹ ከተሞች ሆስፒታሎች ብቻ ነበሩ። አሁን የክልሉ ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ሁሉ በአንድ መዝገብ ሊተሳሰር ነው፤ ቆላ ያለው ሰው ደጋ ቢታመም ሐኪሙ ገጹን ከፍቶ እንዲያክመው። ሥራው አልቋል። የቀረው አንድ አንቀጽ ነው፦ ኮሪደሩም አብሮ ይዳረስ ወይስ ይቅር? ማክሰኞ ድምፅ ይሰጥበታል፤ አንቀጹን ደግፋ የምታቀርበው ሂክማ ናት።

ያን ሰኞ ስብሰባው ውስጥ ቁጭ ብላ የምትሰማው ግን የነጃትን ድምፅ ነበር። "እንቅልፍ ወሰደሽ?" ባለፈው ወር ሂክማ ራሷ ተመርምራለች። ሐኪሙ "ትንሽ የደም ማነስ ነው" ብሏት ነበር። ሂክማ አላገባችም፣ ልጅም የላት፤ የእሷን ኮሪደር የሚከፍት ቤተሰብ ነጃት ብቻ ናት። የገዛ ኮሪደርን መክፈት በሕግ ያስጠይቃል። ያንንም አንቀጽ የጻፈችው ራሷ ናት።

"ሰው ሲያውቅ መጀመሪያ የሚያጣው እንቅልፉን ነው" ይል ነበር የስብሰባው መሪ ዶክተር ኪሩቤል። ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ረጋ ያለ፣ ሰው አቋርጦ የማያውቅ ሰው ነው። "ከዚያ ምግቡን ያጣል። ኮሪደር ያለው ሕመምተኛ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ይኸን ነው ለክልሉ ሕዝብ የምንሰጠው።"

እማማ ኤልዳና እጃቸውን አወጡ። የገጠር ጤና ኬላ ተገልጋዮችን ወክለው የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ከስብሰባው ሁሉ የሚናገሩት ትንሽ ነው።

"እኔ ያልገባኝ ነገር አለ ልጆቼ" አሉ። "በኛ አገር ሰው መሞቻው ሲደርስ የተጣላውን ያስጠራል። የበደለውን ይቅር በለኝ ይላል፣ አደራውን ይናገራል። ካልተነገረው መቼ ሊያስጠራ ነው?"

"ቤተሰቡ በዘዴ ያስታርቀዋል እማማ" አለ ኪሩቤል።

"በዘዴ! ጠቡ የኔ ሆኖ እርቁ የነሱ? እንዴት ያለ ነገር ነው!"

ሰዉ ሳቀ። ኪሩቤል ወደ ሂክማ ዞረ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የምትመልሰው እሷ ነበረች። ሁልጊዜ የምትናገረውን ተናገረች፤ ስለ አባቷ። አባቷ ሳንባው ውስጥ የነበረውን ሳያውቅ ሞተ። እሷና ነጃት ሳል ነው ብለውት እስከ መጨረሻው ሳምንት የጓሮውን የዘይቱን ዛፍ ሲኮተኩት፣ ለከርሞ የት የት እንደሚተክል ሲያቅድ ነበር። "ሳይፈራ ሞተ" አለች ሂክማ። "ለማንም የምመኘው ይኸንኑ ነው።" ስትጨርስ አፏ ደርቆ ነበር። ለሌላ ሰው ስትመኘው የኖረችውን ለራሷ ልትመኘው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ማወቅ ፈለገች። እንደ ውኃ ጥም ያዛት።

ምሳ ሰዓት ላይ መላ ያገኘች መሰላትና የነጃትን መዝገብ ከፈተች። ምናልባት የታመመችው ነጃት ትሆን? ኮሪደሯ ባዶ ነበር፤ እውነተኛ ባዶ። ተራ ገጿ ላይ ግን የኪኒን ብልቃጧ የላከውን ቀይ መስመር አየች። ነጃት የደም ግፊት ኪኒኗን ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ አልዋጠችም። በዚያ ግፊት ኪኒን አቁሞ መቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሂክማ አልጠፋትም፤ የነጃት ባልም በአንድ ጠዋት ተዝለፍልፎ የወደቀው በዚሁ ነው።

ለኪሩቤል "እህቴን ላያት ነው" ብላ ወጣች።

ወደ ሐይቅ የሚሄደው ሾፌር የሌለው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። አንድ ወጣት ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላትና ከመደንገጧ በፊት "ያዢ እንግዲህ፣ ምን እንደ ግንድ ትገተሪያለሽ!" አላት። ጨዋ ልጅ ነው።

ነጃት ቤት ስትደርስ በሩ ክፍት ነው። ሳጥኑም ክፍት ነው። ልብሱ፣ ብርጭቆው፣ የባሏ ጋቢ ሳይቀር በየፌስታሉ ተቋጥሮ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ነጃት መካከል ላይ ተቀምጣ አንዱን ቋጠሮ ታስራለች። አንገቷ ላይ ሂክማ የላከችላት አዲሱ ሻርፕ አለ።

"መጣሽ የኔ ወለላ?" አለች።

"እታለም፣ ኪኒንሽን ለምን ተውሽ?"

"ምን ያደርግልኛል ብለሽ ነው?"

"እንዴት ምን ያደርግልኛል?"

ነጃት ሻርፑን በጣቷ ዳሰሰች። "አትድከሚ። ይኼን ስትልኪልኝ ገብቶኛል። ኢድ የለ፣ ሠርግ የለ። ዕድሜሽን ሙሉ በባዶ ሜዳ ስጦታ ልከሽልኝ ታውቂያለሽ? 'ኮሪደሬን አይታ ነው' አልኩ። አላስከፋኝም፣ ወላሂ። ያምራል።"

ሂክማ ራሷን ያዘች። ገበያ ስታልፍ አይታው ነው። ቀለሙ የእህቷን የሠርግ ቀሚስ አስታወሳትና ሳታስብ ገዛችው። ሌላውን ሕዝብ ስታስጠነቅቅ የምትውል ሰው፣ ያለ ምክንያት ስጦታ መላክ ምን እንደሚያደርግ ስልጠና የምትሰጥ ሰው፣ ረሳችው!

"እታለም፣ ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት። በቃ!"

"እሺ።"

"ኮሪደርሽ ባዶ ነው። ዛሬ ከፍቼ አይቼዋለሁ።"

"እሺ የኔ ወለላ። ባዶ ነው።"

"ወላሂ ባዶ ነው!"

"ወላሂ ካልሽማ ባዶ ነው" አለች ነጃትና ቋጠሮዋን አጠበቀች።

ለሁሉም ነገር እሺ ትላለች፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንደምታባብል። ሂክማ የምትናገረው እውነቱን ነው፣ እውነቱ ግን የሚነገርበት ቃል አጥቷል። "ባዶ ነው" የሚለውን ቃል እሷና ጓደኞቿ ለዓመታት ሲያስተምሩ አሟጠውታል። ስድብ ሞከረች። "አንቺ ደደብ" አለች።

ነጃት ፈገግ አለች። "ጎሽ። ይኸንን ስትለማመጂ ነው የመጣሽው በመንገድ?"

የተጠና ስድብ ያስታውቃል። ግን ያንን ፈገግታ፣ ያንን የተቋጠረ ጋቢ፣ ጥግ ላይ ያለውን ያልተነካ የኪኒን ብልቃጥ ስታይ ደሟ ፈላ። የምሯን ደሟ ፈላ።

"ነጃት!" ብላ ጮኸች። እታለም ማለቱ ቀረ። "በገዛ እጅሽ ልትደፊ ነው? አንቺ ግትር! አንቺ ድርቅ! ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ቃል ሰምተሽ አታውቂም! አንድ ነገር ካመንሽ ሰማይ ቢደፋ አትመለሺ! ያ ምስኪን ባልሽ እንኳ ግፊት አይደለም የገደለው፣ አንቺ ነሽ! ክርክርሽ ሰልችቶት ነው ቀድሞሽ የሄደው!"

ሂክማ አፏን በእጇ ያዘች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ተናግራ አታውቅም።

ነጃት ዓይኗ ፈጠጠ። "ምን አልሽ?"

"እኔ..."

"ባሌን? እኔ ነኝ የገደልኩት?" ጉንጯ ቀላ፣ ከዚያ ድንገት ሳቋ መጣ። ቋጠሮው ላይ እስክትደፋ ሳቀች። "ይኸንን ለሚሞት ሰው አትይውም!"

"አልልማ!"

"ወላሂ አትይውም! ጭካኔሽ! ባዶ ነው፣ የምር ባዶ ነው!" እየሳቀች፣ እንባዋን እየጠረገች ተነሳችና ብልቃጡን ከፈተች። ኪኒኗን በውኃ ዋጠች። "አልሐምዱሊላህ። አሁንማ መሞት የለብኝም" አለች።

ሂክማ ቋጠሮዎቹ መካከል ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የተነሳ መሰላት። ለካ የጠዋቱ የኔ ወለላ የእህቷ መሰናበቻ ኖሯል! ነጃት የምሞተው እኔ ነኝ ብላ ነው እንጂ ሂክማ ልትሞት አይደለም። ደስታው አዞራት። አሁን የቀረው ምላሹ ነው፤ ነጃት የሰደባትን ሰው ሳትከፍል አሳድራ አታውቅም፣ ያውም ባሏ ተነስቶ። ሂክማ ጆሮዋን አዘጋጅታ፣ እየሳቀች ጠበቀች።

ነጃት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ያዘችው።

"ደክሞሻል የኔ ወለላ" አለች። "ጋደም በይ። የምትበይው ልሥራልሽ።"

"ባልሽን ገደልሽው አልኩሽ እኮ።"

"ይሁን።"

"ምን ይሁን? መልሺልኝ እንጂ!"

ነጃት መሬት መሬት ታያለች። ሂክማ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ማሰብ ጀመረች። ሻርፑ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። ነጃት እሞታለሁ ብላ ኪኒኗን የተወችው ያኔ ነው። ግን ያንን ሁሉ ቀን እየደወለች ሰድባታለች። ትናንት እሑድ እንኳ "አንቺ ገልቱ" ብላታለች። ስድቡ የቀረው ዛሬ ጠዋት ነው። ከትናንት እስከ ዛሬ ጠዋት ነጃት የሰማችው ነገር አለ፤ የሰማችውም ስለ ራሷ አይደለም።

"ነጃት" አለች። "ስደቢኝ።"

ነጃት ቀና አለች።

"እስኪ ስደቢኝ። እንከፍ በይኝ።"

"አንቺ..." አለች ነጃት።

"እህ። አንቺ ምን?"

"አንቺ እን..." አልወጣላትም። እንደገና ሞከረች። ለዓመታት ያለ ችግር ሲወጣ የኖረ ቃል ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሂክማ የጻፈችው ደንብ ወፍራም ነው። ቤተሰብ በቃል ቢናገር፣ በጽሑፍ ቢያሳውቅ፣ በምልክት ቢጠቁም ምን እንደሚደርስበት ተዘርዝሯል። መስደብ ያቃተው ቤተሰብ ምን እንደሚሆን ግን የትም አልተጻፈም። ነጃት አንድም ቃል አላወጣችም።

"ከባድ ነው?" አለች ሂክማ።

"ባዶ ነው" አለች ነጃት ወደ ግድግዳው እያለቀሰች። "ባዶ ነው የኔ ወለላ። ባዶ ነው።"

ፈራች ሂክማ። እንደ ልጅ ፈራች። ግን እህቷ አጠገቧ ነበረች፤ ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ተቃቅፈው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከዚያ ትንሽ ቀለላትና አባቷን አሰበች። ዛፉን ሲኮተኩት እነሱ በመስኮት እያዩት ያለቅሱ ነበር፤ ሲገባ ይስቁለት ነበር። በዚያ ሁሉ ሙዝና ፈገግታ መካከል ምን እንደተሰማው አንድም ቀን አልጠየቁትም። ሳይፈራ ሞተ ያሉት እነሱ ናቸው። እሱ አላለም።

ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል። ሂክማ ያደረችው ነጃት ዘንድ ነው፤ ነጃት እስከ ቤቷ በር ሸኝታታለች፤ ስድብ አልሞከረችም፣ አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕም ለሂክማ አልብሳታለች። ዶክተር ኪሩቤል "ሂክማ አንቀጹን ታቀርብልናለች፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን" አለ።

ሂክማ ተነሳች። "ከድምፁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። "ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ተሰድቦ የወጣ እጁን ያውጣ።"

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እጅ በየአቅጣጫው ተነሳ። "እኔን እዚህ ያለችው ልጄ ምን ትንፏቀቂያለሽ ብላኛለች፣ እግዜር ይስጣት!" አሉ እማማ ኤልዳና ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተው። አንዱ የሚስቱን ስድብ ሲያወራ ሌላው የእናቱን ያስበልጣል፤ ደስ ያላቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ያልተነሳው የሂክማ እጅ ብቻ መሰላት።

ከዚያ ኪሩቤልን አየችው። ከሰዉ ጋር እየሳቀ እጁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ግንባሩ ተኮሳተረ፤ ጠዋቱን የሚያስታውስ ይመስል ነበር። ቁርሱን፣ በሩን፣ የሚስቱን አሸኛኘት። እጁ ቀስ ብሎ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከፊት የተቀመጡት አዩትና ሳቃቸው ቆመ።

"ኮቴን ቆለፈችልኝ" አለ ኪሩቤል ለራሱ እንደሚያወራ። ዓይኑን ወደ ሂክማ አነሳ። "ሂክማ፣ ማንን ነው የምጠይቀው?"